ለጀማሪ ማስረዳት የዕውቀት ሚዛን ስለ መሆኑ

ልጆች የቪዲዮ ጨዋታ አሠራርን ለጀማሪ ጓደኞቻቸው ሲያስረዱ ስለሚያገኙት ትምህርት፤ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች የተዘጋጀ።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በየቡና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ ገበሬ ቡናውን ለገበያ ከማውጣቱ አስቀድሞ በዓይኑ ይገምተዋል። «ይህ ጆንያ ሦስት ፈረሱላ ይሞላል» ይላል። ግምቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፥ ሚዛኑ 51 ኪሎ ካላሳየ ግምቱ ጎድሏል ማለት ነው።

የሰው ዕውቀትም እንደዚሁ ነው። ተማሪ መምህሩ ሲናገር ሰምቶ፥ ደብተሩንም አንብቦ «ገብቶኛል» ይላል፤ ይህ የዓይን ግምት ነው። ያወቀውን ነገር ከቶ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት በጀመረ ጊዜ ግን ዕውቀቱ በሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሙላቱም ጉድለቱም ይገለጣል። ይህ ለትምህርት ሁሉ የሚሠራ ነገር ቢሆንም፥ በቪዲዮ ጨዋታ አሠራር ላይ ይልቁን ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

1ኛ፤ የቪዲዮ ጨዋታ ምን እንደ ሆነ

የቪዲዮ ጨዋታ ማለት በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ገጽ ላይ የሚታይ፥ ተጫዋቹ ቁልፍ እየነካ የሚያንቀሳቅሰው፥ ሕግና ነጥብ ያለው ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያም የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት፥ ከባለቤቷ እጅ ስለምታመልጥ ዶሮ የሚጫወቱትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ ሠርቷል።

ጨዋታን መጫወትና ጨዋታን መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሚጫወት ሰው ዓይንና ጣት ይበቁታል። የሚሠራ ሰው ግን ለኮምፒዩተሩ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ በትእዛዝ ማስቀመጥ አለበት። የነዚህ ትእዛዞች ስብስብ ፕሮግራም ይባላል። ኮምፒዩተር እጅግ ፈጣን ታዛዥ ነው፤ ነገር ግን ያልታዘዘውን አይሠራም፤ የታዘዘውንም፥ ስሕተት ቢሆንም እንኳ፥ ያለ ማመንታት ይፈጽማል።

ልጆች ይህን ሥራ በቀላሉ ይጀምሩ ዘንድ፥ በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ በተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሚቸል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ ስክራች የተባለ መሣሪያ አዘጋጅተው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ አወጡ። በስክራች ትእዛዝ የሚሰጠው ረጅም ጽሑፍ በመጻፍ አይደለም፤ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ብሎኮች አንዱን ከሌላው በመግጠም ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል፤ የትእዛዞቹንም ጽሑፍ በአማርኛ አድርጎ ማየት ይቻላል።

2ኛ፤ ምሳሌ፤ የቡና ለቀማ ጨዋታ

በየቡ የሚኖር አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በስክራች የቡና ለቀማ ጨዋታ ሠራ እንበል። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። ከላይ ቀይ እሸት ቡና ይወድቃል። ከታች ቅርጫት አለ፤ ተጫዋቹ ቅርጫቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየነዳ ፍሬውን ይቀበላል። የተቀበለው ቀይ ፍሬ አንድ ነጥብ ይጨምርለታል። ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ የተቀበለ እንደ ሆነ ግን አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ጥሩ ቡና ለቃሚ ቀዩን ለይቶ እንዲለቅም።

ልጁ ጨዋታውን ከጨረሰ በኋላ ለአንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ አሠራሩን ሊያስረዳት ተቀመጠ። እንዲህም አላት፦ «ፍሬዋን ከላይ አስቀምጪ፤ ከዚያ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ቅርጫቱን ስትነካ ነጥብ ይጨመራል። በቃ ይኸው ነው።»

ልጅቷ የተባለችውን አደረገች። ፍሬዋ ወረደች፤ ቅርጫቱንም ነካች። ነጥቡ ግን 1 ብሎ አልቆመም፤ 2፥ 3፥ 4፥ 5 እያለ ሮጠ። ልጅቷም «አንድ ፍሬ ብቻ ነው የገባው፤ ለምን ይህን ሁሉ ይቆጥራል?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ዝም አለ። በራሱ ጨዋታ ላይ ይህ ነገር አይደርስም፤ ለምን እንደማይደርስ ግን አስቦበት አያውቅም ነበር።

ወደ ሠራው ጨዋታ ተመልሶ ብሎኮቹን አንድ በአንድ ሲመለከት ነገሩን አገኘው። እርሱ ነጥብ ከሚጨምረው ትእዛዝ በታች፥ ፍሬዋን ወዲያው ወደ ላይ የሚመልስ ሌላ ትእዛዝ አስቀምጦ ነበር። ስክራች «ፍሬዋ ቅርጫቱን ነክታለችን?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይጠይቃል። ፍሬዋ ካልተመለሰች ቅርጫቱን እንደ ነካች ስለምትቆይ፥ በየጥያቄው መልሱ «አዎን» ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ ብትቆይ 15 ነጥብ ይቆጠራል። ልጁ ይህን ትእዛዝ በሠራ ጊዜ ያስቀመጠው ፍሬዋ እንደ ገና እንድትወድቅ ብሎ ነበር፤ ነጥቡንም በልክ የሚጠብቀው ይኸው ትእዛዝ መሆኑን ያወቀው ግን ልጅቷ በጠየቀች ጊዜ ነው።

ልጅቷ ይህን አስተካክላ አንድ ጊዜ ተጫወተች፤ 17 ነጥብም አገኘች። ሁለተኛ ስትጀምር ነጥቡ ከ17 ቀጠለ። እንደ ገና «አዲስ ጨዋታ አይደለምን? ለምን ከዜሮ አይጀምርም?» አለች። ልጁም በጨዋታው መጀመሪያ ላይ «ነጥብን ዜሮ አድርግ» የሚል ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ሳይነግራት መቅረቱን ተረዳ። እርሱ ይህን ካስለመደ ብዙ ቀን ስለሆነው፥ መነገር ያለበት ነገር መሆኑን ዘንግቶት ነበር።

3ኛ፤ አስረጂው ልጅ ምን ተማረ?

በዚህ ምሳሌ ጀማሪዋ ጨዋታ መሥራትን ተማረች። ነገር ግን ከርስዋ የማያንስ ትምህርት ያገኘው አስረጂው ነው። ትምህርቱም በአምስት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል።

አንደኛው የሥርዐት ትምህርት ነው። በልብ ውስጥ ያለ ዕውቀት እንደ ተከመረ ቡና ነው፤ የትኛው ፍሬ አስቀድሞ እንደ ገባ አይታወቅም። ለሌላ ሰው ሲነገር ግን ቃል ከቃል በኋላ ስለሚወጣ፥ ምን ከምን መቅደም እንዳለበት መወሰን ግድ ይሆናል። ነጥብን ዜሮ ማድረግ ከመጀመሪያ፥ መጨመር ከመካከል፥ ፍሬዋን መመለስ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ተራ ያዛባ አስረጂ ስሕተቱን ወዲያው በገጹ ላይ ያየዋል።

ሁለተኛው የምክንያት ትምህርት ነው። ጀማሪ «እንዴት?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ለምን?» ይላል። «እንዴት» ለሚለው ጥያቄ የተለመደውን ሥራ መድገም ይበቃል። «ለምን» ለሚለው ግን ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። አስረጂው ልጅ ነጥቡ ለምን እንደ ሮጠ የደረሰበት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የሒሳብ ትምህርት ነው። የስክራች ሜዳ ወርዱ 480፥ ቁመቱ 360 እርምጃ ነው። ዜሮ የሚገኘው በመካከሉ ነው፤ ከመካከል ወደ ላይ እስከ 180 ይቆጠራል፥ ወደ ታችም ከዜሮ በታች እስከ 180 ይቆጠራል። ልጅቷ «ፍሬዋ እስክትወድቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላ ብትጠይቅ፥ አስረጂው ማስላት አለበት። ፍሬዋ ከ160 ተነሥታ ከዜሮ በታች እስከ 170 ብትወርድ 330 እርምጃ ትሄዳለች። በየጊዜው 5 እርምጃ የምትወርድ ከሆነ 330 ለ5 ሲካፈል 66 ይሆናል። በሰከንድ 30 ጊዜ የምትወርድ ስለሆነ፥ 66 ለ30 ሲካፈል ከ2 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ለብዙ ተማሪ ባዶ ምልክት ይመስለዋል። በዚህ ጨዋታ ላይ ግን ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር ቅርጫቱ የተቀመጠበት ሥፍራ ነው፤ በዓይን ይታያል።

አራተኛው የቋንቋ ትምህርት ነው። የፕሮግራም ሥራ ቃሎች ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ልጁ «ቫሪያብል» «ሉፕ» የሚሉትን ቃሎች በቃሉ ያጠና እንደ ሆነ፥ እያላቸው ብቻ ያወቃቸው ሊመስለው ይችላል። ጀማሪዋ ግን «ቫሪያብል ምንድን ነው?» ባለችው ጊዜ ቃሉ አይረዳውም፤ በኦሮምኛም ቢሆን በአማርኛም ቢሆን፥ በምትሰማው ቋንቋ መፍታት አለበት። «ቁጥር የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ እንደ ቁና ያለ» ይላታል። ሉፕንም «በሬ በአውድማ እንደሚዞር፥ ትእዛዙ እየዞረ የሚደገምበት ነው» ይላታል። ምሳሌ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ልጅቷ «ቁናው ሲሞላስ?» ብትለው፥ ይህ ዕቃ እንደ ቁና እንደማይከመር፥ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚይዝ፥ አዲሱ ሲገባ አሮጌው እንደሚወጣ ይነግራት ዘንድ ይገደዳል። በዚህም ነገሩን ብቻ ሳይሆን የምሳሌውን ድንበር ያውቃል።

አምስተኛው የጠባይ ትምህርት ነው። ጀማሪ ይዘገያል፥ ይሳሳታል፥ የተነገረውን ይረሳል። አስረጂው ትዕግሥት ከሌለው ሥራው ይፈርሳል። ደግሞም የማያውቀውን ነገር በተጠየቀ ጊዜ «ይህን አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው» ማለትን ይለማመዳል። ይህ ለሕፃን ቀርቶ ለሽማግሌም የሚከብድ ቃል ነው።

4ኛ፤ ታላቁ ታናሹን ማስተማር በኢትዮጵያ እንግዳ እንዳልሆነ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ፊደል ያለየውን ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመም ንባብ ለሚማረው ያሳያል። መምህሩ የሁሉንም ትምህርት አንድ በአንድ ሊከታተል ስለማይችል፥ ሥራው በደቀ መዛሙርቱ መካከል ይከፈላል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቁርኣን ትምህርት ቤቶችም፥ በዕድሜና በትምህርት የቀደመ ደረሳ ታናሹን በሎህ ላይ የተጻፈውን ያስነብባል።

በጨዋታ ነገርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ገበጣን ልጆች የሚማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መሬት ቆፍረው፥ ጠጠር ለቅመው፥ አንዱ ለሌላው ሕጉን እየነገረ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባለው የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባሳተመው ጥናት፥ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 የሚበልጥ የገበጣ ዓይነት መኖሩን ገልጿል። ይህን ሁሉ ሕግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያደረሰው፥ የሚያውቅ ለማያውቅ ማስረዳቱ ነው። እንግዲህ የቪዲዮ ጨዋታ አሠራርን ማስረዳት በአሮጌ ልማድ ላይ የተጨመረ አዲስ ሥራ ነው።

5ኛ፤ በቃል ማቀበልና ማስረዳት ስለ መለያየታቸው

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታላቁ ተማሪ ታናሹን እንዲያስተምር ማድረግ በውጭ አገርም ተፈትኗል። አንድሩ ቤል የተባለ ከስኮትላንድ የተወለደ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የወላጅ አልባ ልጆችን ትምህርት ቤት ከ1789 ጀምሮ ሲያስተዳድር፥ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን በአሸዋ ላይ ፊደል እየጻፉ እንዲያስተምሩ አደረገ። ጆሴፍ ላንካስተርም በ1798 በለንደን ይህንኑ የመሰለ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚህ መንገድ አንድ መምህር እጅግ ብዙ ልጆችን ማስተማር ቻለ። ነገር ግን አስተማሪዎቹ ልጆች የሚያደርጉት የተሰጣቸውን ቃል እንደ ተሰጣቸው ማቀበል ስለሆነ፥ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሥፍራ አልነበረውም።

በ2007 ሮድ ሮስኮና ሚሼሊን ቺ የተባሉ ተመራማሪዎች፥ ሌላውን የሚያስተምሩ ተማሪዎች ራሳቸው ምን ያህል እንደሚማሩ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። ያገኙትም ይህ ነው፤ ብዙዎቹ አስረጂዎች የሚያውቁትን መልሰው ከመናገር አያልፉም፤ በዚህ ጊዜ ትርፋቸው ትንሽ ነው። ዕውቀታቸውን እንደ ገና ሲያስቡትና ሲያያይዙት ግን ትርፋቸው ይበዛል፤ ለዚህም ከሚያነሣሡአቸው ነገሮች አንዱ የጀማሪው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ዝም ብሎ የሚሰማበት ማስረዳት ለሁለቱም ብዙ አይጠቅምም።

የዕውቀት ግምትና የዕውቀት ሚዛን መለያየታቸውም ተፈትኗል። በ2002 ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኬይል የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባሳተሙት ጥናት፥ ሰዎች እንደ ዚፕና እንደ በር ቁልፍ ያሉ ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ራሳቸው ግምት እንዲሰጡ ተደረገ። ከዚያ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጽፈው እንዲያስረዱ ታዘዙ። ካስረዱ በኋላ ስለ ዕውቀታቸው የሰጡት ግምት ከፊተኛው ዝቅ አለ።

የሚያውቅ ሰው ያለማወቅን ምን ያህል እንደሚረሳም በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አሳይታለች። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን በልቡ ይዞ ምቱን ብቻ በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው ዘፈኑን ያውቅ ዘንድ ይጠየቃል። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር፤ ከ120 ዘፈኖች የታወቁት ግን 3 ብቻ ሆኑ። መቺው ዜማውን በልቡ ስለሚሰማ፥ ሌላው ጠረጴዛ ሲንኳኳ ብቻ እንደሚሰማ ይዘነጋል። «በቃ ይኸው ነው» ያለው የየቡ ልጅ ያደረገውም ይህን ነው።

6ኛ፤ ልጆች ለልጆች ጨዋታ ሲሠሩ የታየው ፍሬ

ልጅ ኮምፒዩተርን በማዘዝ ሊማር ይችላል የሚለውን አሳብ ካስፋፉት አንዱ ሲሞር ፓፐርት ነው። እርሱ በ1928 በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ፥ በአሜሪካ አገር ከባልደረቦቹ ጋራ በ1967 ሎጎ የተባለውን ለልጆች የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። ስክራችም ከዚህ አሳብ የተወለደ ነው።

ከፓፐርት ጋራ የሠራችው ኢዲት ሃረል በቦስተን ከተማ የ4ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይን ለሌሎች ልጆች የሚያስተምር ፕሮግራም በሎጎ እንዲሠሩ አደረገች፤ ሥራውንም በ1991 በመጽሐፍ አወጣች። ልጆቹ ክፍልፋይንም ሎጎንም ለብቻቸው ከተማሩት ጓደኞቻቸው የበለጠ አወቁ። ያስሚን ካፋይም በ1995 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ 16 የ4ኛ ክፍል ልጆች ለታናናሾቻቸው ክፍልፋይ የሚያስተምሩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ለ6 ወር ያህል እንዴት እንደ ሠሩ ጻፈች። በሁለቱም ሥፍራ ልጆቹ ሲሠሩ በፊታቸው የነበረው አሳብ «ከእኔ የሚያንሰው ልጅ ይህን እንዴት ይረዳዋል?» የሚል ነው። ለራሱ ብቻ የሚሠራ ልጅ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

7ኛ፤ ሥራውን የሚያሰናክሉ ነገሮች

የመንደር ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቢያገኝ ጥቂት ነው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ክፉ ልማድ ይፈጠራል። የሚያውቀው ልጅ ማውሱን ይይዛል፤ የቀሩት በጀርባው ቆመው ይመለከታሉ። ጀማሪው ሲዘገይ «አምጣ፥ እኔ ላሳይህ» ብሎ ይቀማዋል። ሥራው ፈጥኖ ያልቃል፤ ትምህርቱ ግን በሁለት ወገን ይጠፋል። ጀማሪው እጁ ስላልሠራ አልተማረም፤ የሚያውቀውም በቃል ስላላስረዳ ዕውቀቱን በሚዛን ላይ አላወጣም። ያ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፥ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩም አቧራ ለብሶ ይቀራል። ይህ ጉዳት በአንድ ልጅ ላይ የሚቆም አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ጉዳት ነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ መጽናት አለበት፤ እርሱም «አስረጂ በአፉ እንጂ በእጁ አይሠራም» የሚል ነው። ማውሱ ሁልጊዜ በጀማሪው እጅ ይሁን። አስረጂው ማሳየት ካስፈለገው በወረቀት ላይ ይሣል፥ ወይም በጣቱ ያመልክት።

ሁለተኛው መሰናክል ትዕቢት ነው። አስረጂ የሆነ ልጅ ራሱን እንደ መምህር ቆጥሮ ጀማሪውን «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ ቢያሳፍረው፥ ጀማሪው ሁለተኛ አይጠይቅም። ጥያቄ ከጠፋ ሚዛኑ ተሰበረ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ምሳሌ ለዚህ ይስማማል፤ ጥምጥሙን ያስቀደመ ልጅ ትምህርቱን ያጣልና።

ሦስተኛው የሴቶች ልጆች ከኋላ መቅረት ነው። ወንዶች ቀድመው ወንበሩን ከያዙ ሴቶች ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። መምህሩ ተራ በጽሑፍ ያውጣ፤ ሴቶችም ጀማሪ ብቻ ሳይሆኑ አስረጂ እንዲሆኑ ያድርግ። ከላይ በተነገረው ምሳሌ የ5ኛ ክፍሏ ልጅ ጨዋታውን ባወቀች ማግስት ለሌላ ጀማሪ እንድታስረዳ ይገባል፤ የጀማሪነት ጥያቄዋን ገና ስላልረሳች፥ አንዳንድ ጊዜ ከታላቁ ልጅ ይልቅ እርስዋ ታስረዳለች።

8ኛ፤ ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት

ኮምፒዩተር የለም ተብሎ ይህ ትምህርት መቅረት የለበትም። በኒው ዚላንድ ያስተማረው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒዩተርን አሳብ ያለ ኮምፒዩተር፥ በወረቀትና በጨዋታ የሚያስተምሩበትን መንገድ አዘጋጅተዋል። በየቡም በትምህርት ቤቱ ግቢ ይህን ማድረግ ይቻላል።

መምህሩ በመሬት ላይ ሜዳ ያሥምር፤ መካከሉን ዜሮ ይበል። አንዱ ልጅ ፍሬ፥ ሁለተኛው ቅርጫት፥ ሦስተኛው ነጥብ ጸሓፊ፥ አራተኛው ኮምፒዩተር ይሁን። ኮምፒዩተር የሆነው ልጅ በወረቀት የተጻፈውን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የቀሩትም ያልተነበበውን አንዳች እንዳያደርጉ፥ የተነበበውንም እንደ ተጻፈ ያድርጉ። በወረቀቱ ላይ «ወደ ላይ ተመለስ» የሚል ካልተጻፈ ፍሬው ከቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ ይቀራል፥ ነጥብ ጸሓፊውም ሲጽፍ ይውላል። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ በሣቁበትም ሥፍራ የጎደለውን ትእዛዝ ያገኙታል። ከዚያ ትእዛዙን የጻፈው ልጅ ለምን እንደ ጎደለ ለሌሎቹ ያስረዳ።

መደምደሚያ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ፕሮግራም ለማስተማር የታሰበ ሥራ ተጀምሯል። ይህን ያህል ሰው በከተማ መምህራን ብቻ ሊማር አይችልም። በየመንደሩ የሚያውቅ ለማያውቅ ማስረዳት አለበት። ልጅ ይህን ልማድ ከያዘ፥ ነገ በቡና ማጠቢያም ቢሠራ፥ በጤና ጣቢያም ቢሠራ፥ በጽሕፈት ቤትም ቢሠራ፥ የሚሠራውን ነገር ምክንያት ለመንገር የሚችል ሰው ይሆናል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፥ ተማሪህ «ገብቶኛል» ባለህ ጊዜ አመስግነው፤ ከዚያም አንድ ጀማሪ አምጥተህ በአጠገቡ አስቀምጥ።

ጥያቄዎች

1. ጨዋታን በመጫወትና ጨዋታን በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. በምሳሌው ውስጥ አንድ ፍሬ ብቻ ገብቶ ነጥቡ ለምን ሮጠ?

3. ፍሬዋ በየጊዜው 10 እርምጃ ብትወርድ፥ ከ160 እስከ ከዜሮ በታች 170 ለመድረስ ስንት ጊዜ መውረድ አለባት? ስንት ሰከንድስ ይፈጅባታል?

4. ቫሪያብልን በቁና መመሰል እስከ ምን ድረስ ይስማማል? የማይስማማውስ በምን ላይ ነው?

5. አስረጂው ማውሱን ከጀማሪው ቢቀማ የሚጎዱት እነማን ናቸው? እንዴትስ?

የተግባር ሥራ

ተማሪው በሚገባ የሚያውቀውን አንድ ጨዋታ፥ ገበጣም ቢሆን፥ ከቶ ተጫውቶት ለማያውቅ ልጅ በእጁ ሳይነካ በቃል ብቻ ያስረዳ። ጀማሪው የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ በደብተሩ ይጻፍ። ለመመለስ የተቸገረበትን በምልክት ይለይ፤ በሚመጣውም ሳምንት መልሱን አግኝቶ ይምጣ።